አንድም ቃል ሳይቆረጥ

ፖርት ሰኢድ፣ ዐረብ ሰፈር
ጥር 9 ቀን 2008 እ.ኤ.አ.

ለአጎቴ ልጅ ለሂላል፣ ጄኖቫ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናህን ይጠብቅልህ፣ ጉልበትህን አይንሳህ፣ በሰው አገር ከመቀበር ያድንህ። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ከጥርሴ አራት ቀርቶኛል፣ ድምፄ ግን ሙሉውን አለ። የምጽፍልህም ስለ ድምፄ ነው።

ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቃለህ። የምትጽፈው ልጄ ናግዋ ናት። ከባሏ ከተፋታች ወዲህ እኔ ጋ ናት፤ ወጥ ታሳርራለች፣ ጽሕፈቷ ግን ያምራል ይላሉ። በስልክ አንተን ማናገር አልፈልግም። በስልክ ቶሎ ነው የምታመልጠው፤ «መስመሩ ተቆራረጠ» ትላለህ። በወረቀት ግን ያዝኩህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንድሮ በጸደይ በዓላችን በሸም አል-ነሲም ሰሞን፣ ልጆቹ የጭድ አሻንጉሊት ባቃጠሉ ማግስት፣ ሰፈራችን ሰባት ቀን ሙሉ ዘፈን ሊያደርግ ነው። መድረኩ ዓሣ ገበያው ፊት ለፊት ይቆማል። አንድ ቀን የጀልባ ነጋዴዎች ጭፈራ ነው፣ አንድ ቀን መረብ የሚሠሩት ሴቶች ሥራቸውን ያሳያሉ፣ አንድ ቀን የትምህርት ቤት ልጆች አጥሩ ላይ ዓሣ ይስላሉ፤ የሚስሉት ዓሣ ሁሉ ጫማ ይመስላል። በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ ክራራችን ሲምሲሚያ ይመታል። በሰባተኛው ቀን የኔ ተራ ነው። የገበያው ረጅም ግድግዳ ነጭ ተቀብቶ ዘፈኔ ይጻፍበታል፣ ከሥሩ ደግሞ የቃሉ ባለቤት ስም። ማንበብ ባልችልም የስሜን ቅርጽ አውቀዋለሁ፤ ናግዋ በጠመኔ አሳይታኛለች። መጀመሪያው ላይ እንደ ጥርስ የተነሣ ነገር አለው፣ ከሥሩ አንድ ነጥብ።

ዘፈኑን አንተም አትረሳውም፦

በር የሌለው ባሕር፣ ማነው የቆለፈው፣
ቁልፉ በማን ኪስ ነው፣ ሄጄ ልለምነው።

የመርከቦቹ ቦይ በጦርነት ተዘግቶ፣ እኛም ከከተማችን ተነቅለን በመንሱራ በኩል በዚያ ትምህርት ቤት ተኮልኩለን ሳለን የወጣ ነው። ዛሬ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። አሁን ግን ሸሐታ፣ ያ አፍንጫው እንደ መቅዘፊያ የሆነው፣ ተነሥቶ «ቃሉ የአባቴ ነው» አለ። ሸሐታ ሲምሲሚያው ላይ አሥራ ስድስት ክር ጭኖ፣ ኤሌክትሪክ ሰክቶበት እንደ ማቀዝቀዣ ነው የሚያጉረመርመው። የኔ አምስት ክር ነው፤ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ፣ አባቴ እንዳሳየኝ። አዘጋጁ ኡስታዝ ረኡፍ፣ አስተማሪ ነው፣ ትሕትና የሚያበዛ ሰው፣ «ዐም በድራን፣ ሁለታችሁም ምስክር አምጡ» አለኝ። እኔን ምስክር።

አንተ የዘፈን ክባችንን ሕግ ታውቃለህ። ማንም አፉን ከመክፈቱ በፊት የቃሉን ባለቤት ይጠራል። «ቃሉ የእገሌ ነው» ሳይል የጀመረ ሌባ ነው፣ ሲምሲሚያውን ከእጁ እንነጥቀዋለን። እኔ በዕድሜዬ ባለቤት ሳልጠራ ዘፍኜ አላውቅም። ሠላሳ ስምንት ዓመት «ቃሉ የበድራን ነው» ብያለሁ፣ ማንም ተነሥቶ አይደለም አላለኝም።

ስለዚህ በወረቀት ጽፈህ ላክ። «እዚያ ነበርኩ፣ ቃሉ የበድራን ነው» በል፣ ይበቃል። ጥቁር ኮትም ላክልኝ፣ ትከሻዬን ታውቀዋለህ፤ አልጠበበም።

ቃሉ የበድራን፣ እጁ የናግዋ። አውራ ጣቴ ይኸው።


ጄኖቫ፣ የካቲት 3 ቀን

ለተከበርከው ወንድሜ ለበድራን፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ። አላህ ዕድሜህን ያርዝም፣ ቤትህን በበረካ ይሙላው። ናግዋን ሳምልኝ። እኛ ጋ ብርዱ በርትቷል፤ ጉልበቴን እያመመኝ ነው፣ ሌላው ደህና ነው።

ስለ ሳምንቱ መስማቴ ደስ አሰኝቶኛል። የኮቱን ነገር አያለሁ።

ስለ ምስክርነቱ ብዙ ቀን አሰብኩ። በድራን፣ በዚያ ክፍል ውስጥ በብርድ ልብስ ተጋርደን ሁለት ዓመት ስንኖር፣ የቤቷን ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ አስራ የምትዞር ሴት ማን ነበረች? ቤቱ በቦምብ ፈርሶ እንኳ ቁልፉን አላወልቅም ያለችው? አንተ በየመድረኩ ስለዚያ ቁልፍ ስትዘፍን አንድ ቀን እንኳ ትዝ አትልህም?

እህቴ ነበዊያ ሚስትህ ነበረች። እኔ ከባድ ነገር አልጠይቅህም። ግድግዳው ላይ ያንተ ስም ይጻፍ፣ ግድ የለኝም። በሰባተኛው ቀን ከመጀመርህ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ስሟን ጥራ። «ቃሉ የነበዊያ ነው» በል፤ ከዚያ የፈለግኸውን ዝፈን። ይህን እንደምታደርግ ጻፍልኝና የምትፈልገውን ወረቀት በማግስቱ እልካለሁ።

መቃብሯ ኖራ ተቀብቷል?

ወንድምህ ሂላል


ፖርት ሰኢድ፣ የካቲት 24 ቀን

ለሂላል።

ሰላም ላንተ ይሁን፣ አላህ ልቦና ይስጥህ። ደብዳቤህን ናግዋ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። ሁለተኛውን ያስነበብኳት የምትለውን ነገር ማመን ስላቃተኝ ነው።

እህትህ አላህ ይማራት፣ ድስት አጠገብ ታንጎራጉር ነበር። ሴት ሁሉ ያንጎራጉራል። እኔ ነኝ ከአፏ የወደቀውን ብጥቅጣቂ አንስቼ ዘፈን ያደረግሁት። እኔ ነኝ ሽቦ ላይ የሰቀልኩት። መረቡን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ዓሣው ሲወጣ ግን «የሴትዮዋ ዓሣ» የሚል ሰምተህ ታውቃለህ?

ስለ ድምፅዋ ደግሞ ልንገርህ፣ አንተ አልነበርክማ። በናግዋ ሠርግ ቀን፣ ሰው እንደሞላ፣ እህትህ ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ ያንን ዘፈን ጀመረች። አፏን ከፍታ። እኔ ከወንዶቹ በኩል ሆኜ «ቁራው በየት ገባ? መስኮቱን ዝጉ» አልኩ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሙሽራውም ሳቀ። ቁጭ አለች። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ስታጥብ እንኳ አላንጎራጎረችም። ሁለት ዓመት ኖራ ሞተች። ቤቱ ጸጥ አለልኝ።

እዚህ ላይ ናግዋ እስክርቢቶውን አስቀመጠች። ጻፊ አልኳት። ጻፈች።

አንተስ ማን ሆነህ ነው ስለ እህትህ የምትነግረኝ? ስትታመም አልመጣህም፣ ስትሞት አልመጣህም። ቴሌግራም ላክህ፤ ቴሌግራሙ ላይ ስሟን «ነብሪያ» ብለው ነበር የጻፉት። የታተመውን ስም አንብቦ የነገረን ፖስተኛው ነው፤ ለቅሶ ላይ ተሳቀ። መቃብሯን ኖራ ቀባህ ወይ ትለኛለህ። ቀለሙን ከጄኖቫ ላክ።

ወረቀትህን አልፈልግም። ሌላ ነገር ትዝ ብሎኛል። ከጦርነቱ በፊት ከሆላንድ መርከበኛ በሁለት የቆዳ ትራስ የለወጥካት የድምፅ መቅጃ ነበረችህ። እዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ቀን ዘፈኑን ስጫወት ቀድተኸኛል። ካሴቱን እንዳልጣልከው አውቃለሁ፤ አንተ የተሰበረ ማበጠሪያ እንኳ አትጥልም። እሱን ላክ። በ1970 እኔ ስዘፍነው ከተሰማ፣ የሸሐታ አባት ያኔ እስር ቤት ነበር፤ ነገሩ ያበቃል።

ኮቱንም አትርሳ።

ቃሉ የበድራን፣ እጁ የናግዋ። አውራ ጣቴ ይኸው።


ፖርት ሰኢድ፣ መጋቢት 19 ቀን

ለሂላል።

ሰላም ብያለሁ። አላህ ጣትህን ይፍታልህ፣ ታስሮ እንደሆነ።

ወር ሊሞላ ነው፣ ምንም የለም። ሸሐታ በየጠዋቱ በበሬ ሲያልፍ «ዐም በድራን፣ ካሴቱ በመርከብ ነው በአህያ የሚመጣው?» ይለኛል። ትናንት ቡና ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ «የአጎትህ ልጅ እንደሆነ ቦዩ ሲከፈት ይልካል» አለ። ሳቁብኝ። በኔ ሳቁ፣ በዚህ ዕድሜዬ።

ኡስታዝ ረኡፍ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ካልመጣ ግድግዳው ላይ «ባለቤቱ ያልታወቀ» እንጽፋለን ብሎኛል። ያልታወቀ። እኔ እዚሁ ቆሜ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሳምንት ለኔ አይመጣም፤ ደረቴ ያፏጫል፣ ሐኪሙ ፊቱን ሲያዞር አይቻለሁ። ስሜን ሰፈሬ ግድግዳ ላይ ሳላይ እንድሞት ከፈለግህ በግልጽ ጻፍልኝ።

ኮቱ ይቅር። ካሴቱን ብቻ።

ቃሉ የበድራን፣ እጁ የናግዋ። አውራ ጣቴ ይኸው።


ጄኖቫ፣ ሚያዝያ 6 ቀን

ለክቡር ወንድሜ ለዐም በድራን፣

የአላህ ሰላምና ምሕረት በእርስዎ ላይ ይሁን። አላህ ለዚያች ቀን በጤና ያድርስዎ፣ የዘሩትን ለማጨድ ያብቃዎ።

ስለ መዘግየቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ካሴቱን ከዕቃ ሁሉ ሥር ነው ያገኘሁት። ክሩ ስላረጀ እንዳይበጠስ ፈርቼ አንድ ጊዜ ብቻ ከፈትኩት፤ የእርስዎ ድምፅ ነው፣ ጥርት ያለ፣ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ድምፅ። ዘፈኑ አልቆ የእህቴ ሳቅ ሲመጣ መቀጠል አቃተኝ፣ ዘጋሁት።

አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ። ለኡስታዝ ረኡፍ በእርስዎ አፍ ይንገሩልኝ፣ ይህንንም ደብዳቤ ያሳዩት። ካሴቱ በሰባተኛው ቀን ሕዝቡ በተሰበሰበበት፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ይሰማ። መሃሉን ብቻ ቆርጦ ማሰማት ለጥርጣሬ ይዳርጋል፤ ሸሐታ «ቀጣጥለውት ነው» እንዳይል። አንድም ቃል አይቆረጥ።

ኮቱንም ልኬአለሁ። በጣም ጥሩ ሱፍ ነው። ያን ቀን ይልበሱት፣ ሰው ሁሉ እንዲያይዎ።

አክባሪዎ ሂላል

ናግዋ፣ ከዚህ በታች ያለውን ለአባትሽ አታንቢለት። ካሴቱ ላይ ከመዝፈኑ በፊት የቃሉን ባለቤት በገዛ አፉ ይጠራል፤ ያኔ ገና ሕጉን አላፈረሰም ነበር። የሚጠራው እናትሽን ነው። ረስቶታል። እሱ ራሱ ተሸክሞ ወስዶ ራሱ ያሰማላቸው። «ቁራው» ላላት ይህ ቢያንሰው እንጂ አይበዛበትም። አንቺ ዝም በይ፣ ሌላ ምንም አላዝሽም።


ፖርት ሰኢድ፣ ሚያዝያ 20 ቀን

ለአጎቴ ልጅ ለሂላል፣ ለተከበረው።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ሁለቱንም ዓለም ይስጥህ፣ የጉልበትህን ሕመም ለጠላትህ ያድርገው።

ካሴቱ መጣ፣ ኮቱም መጣ። ኮቱ ክንዱ ላይ ትንሽ ይይዘኛል፣ ሲምሲሚያ ስመታ አወልቀዋለሁ። ናግዋ ስታነብልኝ «እርስዎ» ማለትህን ሰማሁ። ደግመሽ አንብቢ አልኳት። በሰባ ዓመቴ ከአንተ አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ። የሚገባኝን ክብር አንድ ቀን እንደምትሰጠኝ አውቅ ነበር፤ አባትህም እንዲያ ነበር፣ ቆይቶ ነው የሚገባው። ያለፈውን ሁሉ ይቅር ብዬሃለሁ።

ካሴቱን ለኡስታዝ ረኡፍ በእጄ ሰጠሁ። አደራህንም ነገርኩት፦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድም ቃል ሳይቆረጥ። «አስቀድመን እንስማው ወይ?» አለኝ። ሰባት ቀን ሙሉ ሰው ይጠብቀው፣ እኔም ከሰው ጋር እሰማዋለሁ አልኩት። የገዛ ድምፄን ልፈራ ነው? ታሰማልኝ ዘንድ ለናግዋ መልሶ ሰጣት፤ መቅጃው የሷ የመሥሪያ ቤት ነው፣ አጠቃቀሙን ታውቃለች።

ሸሐታ ከትናንት ወዲህ በበሬ አያልፍም። በጓሮ መንገድ ነው የሚሄደው።

ቃሉ የበድራን፣ እጁ የናግዋ። አውራ ጣቴ ይኸው።

አጎቴ፣ ይህን አባቴ አላስጻፈኝም። መስመሮችህን አላነበብኩለትም፣ እንዳልከው ዝም ብያለሁ። ካሴቱን መሥሪያ ቤት፣ በምሳ ሰዓት፣ በር ዘግቼ ሰማሁት። እኔ ከእናቴ ሳቅ በኋላ አልዘጋሁትም፣ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። አንተ ሰምተኸዋል? አንድም ቃል አልቆርጥም። ቃሉም እጁም የናግዋ።


ፖርት ሰኢድ፣ ግንቦት 27 ቀን

ለሂላል።

ሰላም የአላህ ነው፣ ለሚገባው ይስጠው። የምትጽፈው ናግዋ አይደለችም። የሚጽፈው ፀጉር አስተካካዩ ሙተወሊ ነው። ሙተወሊ ወሬኛ ነው፣ እንደምታውቀው፤ ግን ሰፈሩ ያላወቀው የቀረ ነገር የለምና ወሬኝነቱ አይጎዳኝም።

የሆነውን ልንገርህ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ።

በሰባተኛው ቀን ከዐስር በኋላ ሰው ሞላ። ወንዶቹ በፕላስቲክ ወንበር፣ ሴቶቹ በረንዳ ላይ፣ ልጆቹ የዓሣ ሳጥን ላይ። ግድግዳው ነጭ ተቀብቶ ዘፈኑ ተጽፎበታል፣ ከሥሩ ለስሙ ቦታ ተትቷል። ቀቢው መሰላሉ ላይ ብሩሹን ይዞ ተቀምጧል። እኔ ኮትህን ለብሼ ከፊት፣ ከኡስታዝ ረኡፍ ቀኝ። ኡስታዙ ስለኔ ተናገረ፣ ናግዋ ገልብጣ የሰጠችውን ደብዳቤህን አነበበ፤ ለኔ የተነበበልኝን ያህል። ሕዝቡ አጨበጨበ። ናግዋ መቅጃውን ከፈተች።

መጀመሪያ ሽቦ ማስተካከል ተሰማ። ከዚያ እኔ። እንዴት ያለ ድምፅ ነበረኝ። ደረቴ ሞላ። ከዚያ ያ የኔ ድምፅ እንዲህ አለ፦

«ቃሉ የነበዊያ ነው፤ የሂላል እህት፣ የኔ ሚስት። ዜማውም የሷ ነው። ጣቱ ብቻ የኔ።»

ከዚያ ዘፈኑ ቀጠለ፣ ማን ሰማው። ሰው ሁሉ እኔን ያያል። አላህ ምስክሬ ነው፣ ረስቼው ነበር። መዋሸት እንኳ አልነበረም፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት የራሴን አፍ አምኜ ነበር። ሸሐታ ከኋላ ተነሣ። ጮኾም አልተናገረም። «እኔ የአባቴ ነው ስል ዋሽቻለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ» አለ፤ «ዐም በድራን ግን ምስክሩን ከባሕር ማዶ አስመጥቶ በራሱ ላይ አስመሰከረ።» በረንዳው ላይ ሴቶቹ ሳቁ። የሠርጉ ቀን ሳቅ ነው፣ ዞሮ የመጣው።

ኡስታዝ ረኡፍ አዘነልኝ፣ አዛኝነቱን ጠላሁት። ዘፈኑ አልቆ እህትህ በካሴቱ ላይ ስትስቅ፣ «ሁለተኛውን መስመር አበላሸኸው» ስትለኝ፣ ኡስታዙ ለናግዋ ይበቃል፣ ዝጊው አላት። ናግዋ እጇን መቅጃው ላይ ጫነች። እንዲህ አለች፦

«አጎቴ አንድም ቃል አይቆረጥ ብሏል። ደብዳቤውን አሁን አንብበኸዋል፣ ኡስታዝ።»

ስለዚህ አልተቆረጠም። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ ያንተ ነው፣ ሂላል።

እኔም ያንን ረስቼው ነበር። አንተም ረስተኸዋል፣ ባትረሳው ኖሮ ካሴቱን ባሕር ትጥለው ነበር። ሰፈሩ ሁሉ በድምፅ ማጉያ እንደሰማው ቃል በቃል ላስጽፍልህ። «ነገ ክቡ ላይ ስሟን አንስተህ ታዋርደኛለህ? የእህቴ ስም ወንድ በተሰበሰበበት አይጠራም። የኔ ነው በል፣ ማን ይጠይቅሃል» አልከኝ። እኔ ሽቦ ስነካካ ይሰማል። ከዚያ «እሺ» አልኩ። እህትህ መሳቅ አቆመች። «እኔስ ምን ልበል?» አለች።

አንተም፣ የካሴቱ የመጨረሻ ቃል ነው፣ «አንቺ ሻዩን አምጪ» አልካት።

ከዚያ ቀጭ አለ፣ አለቀ።

ያን ጊዜ የሳቀ የለም። ናግዋ ከመቅጃው ተነሥታ መድረኩ መሃል ቆመች። ሲምሲሚያም አልያዘችም። «ቃሉ የእናቴ የነበዊያ ነው» አለችና ዘፈነችው። ድምፅ የላትም፤ የእናቷን ድምፅ እንኳ አልወረሰችም። ሁለተኛው መስመር ላይ ተሰነጠቀባት። ሰው ግን ትንፋሹን ውጦ ሰማት። ቀቢው ስትጨርስ ማንንም ሳይጠይቅ ጻፈ። ቅርጹን አየሁት። መጀመሪያው ላይ እንደ ኔ ስም ጥርስ የተነሣበት ነው፤ ነጥቡ ግን ከላይ ነው። የኔ አይደለም።

ኮትህን እዚያው ወንበሩ ላይ ትቼ ወጣሁ። ሸሐታ በማግስቱ አምጥቶ በሬ ላይ ሰቀለው። በፊት ለፊት መንገድ ነው የመጣው።

ናግዋ በዚያው ምሽት ልብሷን ሰበሰበች። ከመሥሪያ ቤቷ አንዲት ሴት ጋር ነው የምትኖረው። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። «መስኮቱን ዝጉ ስትል እኔ ሙሽራዋ ነበርኩ» አለችኝ። ካሴቱን ይዛዋለች። ያንተን አድራሻ ግን ጠረጴዛው ላይ ቀድዳ ጥላዋለች፤ ሙተወሊ ነው የገጣጠመው።

ከሄደች በኋላ ደብዳቤዎችህን ሁሉ አውጥቼ ሙተወሊን አስነበብኩት። ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ አንድም ቃል ሳይቆረጥ። ለናግዋ የጻፍከው ጋ ሲደርስ ወረቀቱን አጠፈው። አንብብ አልኩት። አነበበ። ስለዚህ «እርስዎ» ያልከኝ ለምን እንደነበር አሁን ገብቶኛል። ጥሩ አድርገህ ሠርተኸዋል። እኔ ብሆን ኖሮ ግን ካሴቱን እስከ ዳር እሰማው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ እዚያ ስለማትሰማው። እኔን ሰፈሩ በሁለተኛው ሳምንት ረሳኝ፤ ሽማግሌ ሌባ ብርቅ አይደለም። አንተን ግን አልረሱህም። ዛሬ በዐረብ ሰፈር በየትኛውም ቡና ቤት ሻይ የሚታዘዘው ባንተ ቃል ነው። ጎረምሳው ሁሉ፣ ሸሐታም፣ የዓሣ ጫኞቹም ድምፃቸውን እንዳንተ አቅጥነው «አንቺ ሻዩን አምጪ» ይላሉ፤ አስተናጋጁ የሃምሳ ዓመት ጢማም ሰው ነው፣ እሱም «እሺ፣ ሂላል» ብሎ ያመጣል። እያንዳንዱ አስቀድሞ ሕጉን ይጠብቃል፣ «ቃሉ የሂላል ነው» ይላል። አንድም ሰው ባለቤቱን ሳይጠራ አዝዞ አያውቅም።

ለመቀበር እንኳ አትምጣ።

መቃብሯን ኖራ ቀብቼዋለሁ። በዚህ አትደሰት፤ ያዘዘችኝ ናግዋ ናት፣ በሰው አፍ።

ቃሉ የበድራን፣ እጁ የሙተወሊ። አውራ ጣቴ ይኸው። ይህን ስንጽፍ የጠጣነውን ሻይ ራሴ ነኝ ያፈላሁት።